የማይነሣ ኮምፒውተርና በጎኑ የተሰኩት ዕቃዎች

ኮምፒውተር ማታ በደኅና ተዘግቶ ጧት አልነሣም ባለ ጊዜ የባለቤቱ አሳብ አስቀድሞ ወደ ከፋው መሮጡ የተለመደ ነው። ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቷል፣ ቫይረስ ገብቶበታል፣ ዊንዶውሱ ጠፍቷል እያለ ሲጨነቅ ይቈይና ወደ ጥገና ቤት ይወስደዋል፤ በዚያም ሥራ የበዛበት ባለሙያ ነገሩን ከሥሩ ሳይመረምር «ፎርማት ይደረግ» ብሎ የፈረደ እንደ ሆነ፣ ለብዙ ዓመታት የተጠራቀመ ጽሑፍ፣ ፎቶግራፍና የሒሳብ መዝገብ በአንዲት ሰዓት ውስጥ ተደምስሶ ይቀራል። የዚህ ሁሉ መነሻ ግን ትናንት ማታ ደብዳቤ ለመገልበጥ ተሰክታ በዚያው የተረሳች ፍላሽ ልትሆን ትችላለች፤ እርሷን ነቅሎ ማሽኑን እንደገና ማስነሣት ደግሞ ከጥቂት ደቂቃ የበለጠ ሥራ አልነበረም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዩኤስቢ ቀዳዳ የሚሰኩ ዕቃዎች፣ ይኸውም ፍላሽ፣ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ፣ ፕሪንተር፣ ስካነር፣ ኪቦርድ፣ ማውስ፣ የስልክ ገመድና የመሳሰሉት፣ ኮምፒውተርን እንዴት አድርገው እንዳይነሣ እንደሚያግዱት ማስረዳትና፣ የመሐንዲስነት ትምህርት ያልተማረ ሰው በገዛ እጁ ሊያደርገው የሚችለውን ምርመራ በቅደም ተከተል ማሳየት ነው። የነገሩም ፍሬ ይህ ነው፤ ኮምፒውተር በሚነሣበት ሰዓት የተሰካበትን ሁሉ እየጠየቀና እያመነ የሚያልፍ ስለ ሆነ፣ የመድኃኒቱ መጀመሪያ በጎኑ ያለውን መቀነስ እንጂ በውስጡ ያለውን መደምሰስ አይደለም።

ማሽኑ በሚነሣበት ሰዓት

የማስነሻው ቁልፍ በተጫነበት ቅጽበት ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ ገና ከዲስኩ አልተጠራም። አስቀድሞ ሥራ የሚጀምረው በማዘርቦርዱ ላይ በተተከለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ የተጻፈው ፕሮግራም ነው፤ ይህም አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ፒሲ የተባለውን የግል ኮምፒውተር ካወጣበት ጊዜ ጀምሮ ባዮስ በሚለው ስም የታወቀ ሲሆን፣ በዛሬዎቹ ማሽኖች ላይ ግን ከ2005 ወዲህ በብዙ ኩባንያዎች ማኅበር ደንቡ የሚወጣለት ዩኢኤፍአይ የተባለው ሥርዓት ተተክቶበታል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ይሁን እንጂ ሕዝቡም ባለሙያውም አዲሱን በአሮጌው ስም መጥራቱን ስላልተወ፣ እኛም ሁለቱን ባዮስ እያልን እንሄዳለን። የባዮስ ሹመት የቤተ መንግሥት እልፍኝ አስከልካይ ሹመት ነው፤ በደጅ የቆመውን ሁሉ ማን እንደ ሆነና ለምን እንደ መጣ ይጠይቃል፣ ስሙን ይመዘግባል፣ በተሰጠውም ተራ መሠረት አንዱን አስቀድሞ ሌላውን ያስከትላል።

በዚህ ሥርዓት መሠረት ባዮስ ሚሞሪውን፣ ስክሪኑንና ኪቦርዱን ይፈትሻል፤ ፈተናው ሲፈጸምም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የተጻፈበትን ዲስክ ፈልጎ ሥልጣኑን ያስረክባል። ከዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ከውጭ ለሚመጣ መሰናክል እጅግ የተጋለጠው በዩኤስቢ የተሰኩትን የመቍጠሩ ክፍል ነው።

ዩኤስቢ ከመምጣቱ በፊት ኪቦርድ፣ ፕሪንተርና ሞደም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቀዳዳ ነበራቸው፤ ለአንዱ የተሠራው ገመድ በሌላው አይገባም ነበር። ኮምፓክ፣ ዲጂታል ኢኲፕመንት፣ አይቢኤም፣ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍት፣ ኤንኢሲና ኖርቴል የተባሉት ሰባት ኩባንያዎች ተባብረው፣ የሕንድ ተወላጅ የሆነው የኢንቴል መሐንዲስ አጃይ ባትም ከዋነኞቹ ጠንሳሾች አንዱ ሆኖ፣ በጥር 1996 የመጀመሪያውን የዩኤስቢ ደንብ ባወጡ ጊዜ ያሰቡት ይህን ልዩነት ሁሉ አስወግደው ለዕቃዎች አንድ የጋራ በር ለመክፈት ነበር። አፕል በ1998 ባወጣው አይማክ ላይ ለኪቦርድና ለፕሪንተር ይሠሩ የነበሩትን የቀድሞ ቀዳዳዎች አስቀርቶ በዩኤስቢ በተካቸው ጊዜ፣ ከሁለት ዓመት በኋላም የኪስ ፍላሽ ለገበያ በቀረበ ጊዜ፣ አሳባቸው በዓለም ሁሉ ተቀባይነት አገኘ። ይሁን እንጂ በዚያው በአንዱ በር የጽሕፈት መሣሪያ የሆነው ኪቦርድም፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተሸከመ ዲስክም፣ ኤሌክትሪክ ብቻ ፈልጎ የመጣ ስልክም ስለሚገባ፣ ባዮስ የመጣውን ሳይጠይቅ ምን እንደ ሆነ ሊያውቅ አይችልም።

አጠያየቁም እንዲህ ነው። አዲስ የተሰካ ዕቃ ሁሉ አድራሻው በመጀመሪያ ዜሮ ነው፤ በዚህ አድራሻ ተጠርቶ ማንነቱ ሲጠየቅ ሠሪውን፣ ዓይነቱንና የሚፈልገውን የኤሌክትሪክ መጠን የሚገልጽ አጭር መግለጫ ይመልሳል፤ ከ1 እስከ 127 ባለው አኃዝ ውስጥም የራሱ የሆነ አድራሻ ይሰጠዋል። በዩኤስቢ 2.0 ደንብ መሠረት አንድ ዕቃ ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ ከ100 ሚሊ አምፔር በላይ እንዳይስብ፣ ካገኘም በኋላ ከ500 እንዳያልፍ ተወስኗል፤ በ2008 የወጣው ዩኤስቢ 3.0 ይህን ወሰን ወደ 900 ከፍ አድርጎታል። ዕቃው ጤነኛ ሲሆን ይህ ሁሉ ጥያቄና መልስ ሰው ሳያስተውለው ተጀምሮ ይፈጸማል፤ ዕቃው ዝም ያለ፣ የተዘበራረቀ መልስ የሰጠ፣ ወይም ከተፈቀደለት በላይ የሳበ እንደ ሆነ ግን ከእርሱ በኋላ የተሰለፉት ሁሉ ሊታገዱ ይችላሉ።

አራቱ መሰናክሎችና ምልክቶቻቸው

ኮምፒውተሩ የቆመበት ስፍራ ራሱ ስለ ምክንያቱ ይመሰክራልና፣ መርማሪው አስቀድሞ ማየት ያለበት ማሽኑ እስከ የት ድረስ ሄዶ እንደ ቆመ ነው። በጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ከታየ፣ በሠሪው ኩባንያ ዓርማ ላይ ፈዞ ከቀረ፣ ቁልፉ ሲጫን ማራገቢያው ጥቂት ዞሮ ከጠፋ፣ ወይም የዊንዶውስ ነጠብጣቦች እየተሽከረከሩ ማለቂያ ካጡ፣ እያንዳንዱ ወደ ተለየ መሰናክል ያመለክታል።

የመጀመሪያውና እጅግ የተለመደው ተራ የመዛባት መሰናክል ነው። በባዮስ ውስጥ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከየትኛው ዲስክ አስቀድሞ እንደሚፈለግ የሚወስን ዝርዝር አለ፤ ዊንዶውስን ከፍላሽ የጫነ ባለሙያ ዩኤስቢን በዝርዝሩ ራስ ላይ አስቀምጦ ሳይመልሰው የሄደ እንደ ሆነ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽኑ የተሰካችበትን ፍላሽ ሁሉ ከሃርድ ዲስኩ አስቀድሞ ይጠይቃል። በአሮጌው የባዮስ ሥርዓት የዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ይነበብና፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ባይቶች ላይ የታወቀው ማኅተም ከተገኘ፣ በዚያ ውስጥ የተጻፈው ትእዛዝ ምንነቱ ሳይመረመር ይፈጸማል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ደብዳቤና ፎቶግራፍ ብቻ የያዘች፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፈጽሞ ያልተጫነባት ፍላሽ እንኳ ይህ ማኅተም ሊኖርባት ይችላል፤ ዊንዶውስ ፍላሿን ፎርማት ባደረጋት ጊዜ በመጀመሪያው ክፍሏ ላይ ማኅተሙንና አንድ አጭር ፕሮግራም ጽፎባታልና። ፕሮግራሙም ሲጠራ በፍላሿ ላይ የዊንዶውስን ማስነሻ ፋይል ይፈልጋል፤ በዊንዶውስ ኤክስፒ ፎርማት የተደረገች ከሆነች ኤንቲኤልዲአር የተባለውን፣ ከቪስታ ወዲህ በመጡት ከሆነ ቡትኤምጂአር የተባለውን ፋይል ሲፈልግ ያጣውና፣ «ኤንቲኤልዲአር ኢዝ ሚሲንግ»፣ ወይም «ቡትኤምጂአር ኢዝ ሚሲንግ»፣ ወይም ደግሞ ዲስኩን አውጥታችሁ ማናቸውንም ቁልፍ ተጫኑ የሚል ቃል በጥቁሩ ስክሪን ላይ አውጥቶ ይቆማል። ባለቤቱ ይህን ባነበበ ጊዜ የኮምፒውተሩ ዊንዶውስ ጠፋ ብሎ ይደነግጣል፤ ቃሉን የተናገረችው ግን ፍላሿ ናት፣ የለም የተባለውም ፋይል ከእርሷ ላይ የታጣው ነው፣ ሃርድ ዲስኩ ገና ተራው ስላልደረሰው አንዳች ነገር አልተናገረም። እንዲህ ባለ የሌላ ሰው ቃል ተፈርዶበት ያለ ጥፋቱ የተደመሰሰ ሃርድ ዲስክ ብዙ ነው።

ይህ ነገር ከፍላሽ አስቀድሞ በፍሎፒ ዲስክ ዘመን ብዙ መዘዝ አምጥቷል። በ1986 በፓኪስታን በላሆር ከተማ በሁለት ወንድማማቾች የተጻፈው ብሬይን የተባለው ቫይረስ መኖሪያው ያደረገው ይህንኑ የዲስክ መጀመሪያ ክፍል ነበረ፤ በ1991 የተገኘውና በየዓመቱ ማርች 6 ቀን የዲስክን ጽሑፍ ያጠፋ የነበረው ሚኬላንጀሎም እንደዚሁ። ሰው ፍሎፒውን በማሽኑ ውስጥ ረስቶ በነጋታው ሲያበራ፣ ዲስኩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስላልነበረው የመነሣቱ ሥራ ቢቋረጥም፣ ሚኬላንጀሎን የመሰለው ቫይረስ ግን በዚያች ቅጽበት ወደ ሃርድ ዲስኩ ተሻግሮ ይቀመጥ ነበር። ዊንዶውስ 8 ከወጣበት ከ2012 ጀምሮ የተስፋፋው ሴኪዩር ቡት የተባለው ጥበቃ የታመነ ፊርማ የሌለውን የማስነሻ ፕሮግራም ስለማያሳልፍ ይህ አደጋ በእጅጉ ቀንሷል፤ ሆኖም ምንጯ የማይታወቅ ፍላሽ ሰክቶ ማሽን ማስነሣት ዛሬም ቢሆን የጥንቁቅ ሰው ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው መሰናክል የዝምታ መሰናክል ነው። ምልክቱም የሠሪው ዓርማ ወጥቶ ማሽኑ በዚያው ፈዞ መቅረቱ፣ አንዳንድ ጊዜም ወደ ባዮስ የሚያስገባው ቁልፍ ሲጫን እንኳ አለመመለሱ ነው። መታመም የጀመረ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ የዚህ ዋና ምሳሌ ሊሆን ይችላል፤ ስሙን ሲጠየቅ ደኅና ይመልስና፣ ባዮስ የመጀመሪያውን ክፍል ሊያነብ ሲሞክር ግን መልሱን እያዘገየ፣ ጥያቄውንም እያስደጋገመ ያቆየዋል። ልዩ ልዩ የሚሞሪ ካርድ የሚነበብበት ሪደር፣ እንደዚሁም የካርድ ቀዳዳ ያለበት ፕሪንተር፣ ባዶ ቀዳዳዎቹን ሁሉ እንደ ዲስክ አድርጎ ስለሚያስመዘግብ፣ አንዳንድ አሮጌ ባዮስ ካርድ የሌለበትን ዲስክ ለማንበብ ሲጠባበቅ በዚያው ይቀራል። ኃይል ብቻ እንዲያገኝ የተሰካ ስልክም ቢሆን በባዮስ ፊት ከተጠያቂዎቹ አንዱ ነው።

በዚህ ጊዜ ማሽኑን በቁልፉ አጥፍቶ ማብራት ብቻውን ለምን እንደማይበቃ ማወቅ ይገባል። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ጠፋ በተባለ ጊዜ እንኳ፣ ገመዱ ከግድግዳው እስካልተነቀለ ድረስ፣ ፓወር ሰፕላዩ 5 ቮልት የሆነ የመጠባበቂያ ኃይል ወደ ማዘርቦርዱ መላኩን አያቋርጥም፤ በብዙ ማሽኖችም ይህ ኃይል እስከ ዩኤስቢው ቀዳዳ ይደርሳልና፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ በማውሱ ሥር መብራት የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ በስሕተት ላይ ቆሞ የቀረ ዕቃ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ እርሱ ሳይጠፋ ያድርና ጧት በዚያው ስሕተቱ ይቀጥላል።

ሦስተኛው መሰናክል የኤሌክትሪክ ነው። የተለመደውን ሰፊውን የዩኤስቢ ቀዳዳ በባትሪ መብራት ቀርቦ የተመለከተ ሰው በውስጡ አንዲት የፕላስቲክ ምላስ፣ በእርሷም ላይ አራት ቀጫጭን የብረት መስመሮች ያያል፤ ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ ኃይል የሚያመላልሱ፣ መካከለኞቹ ሁለቱ መልእክት የሚያስተላልፉ ናቸው፣ ዩኤስቢ 3.0 ከሆነም ሌሎች አምስት ይጨመሩባቸዋል። ፍላሽ ተገልብጣ በኃይል የተሰካች ወይም ተሰክታ ሳለች በክርን የተመታች እንደ ሆነ ምላሷ ትሰነጠቃለች፣ ከመስመሮቹም አንዱ ተጣምሞ ጎረቤቱን ወይም የቀዳዳውን የብረት ግድግዳ ይነካል፤ ያን ጊዜ 5 ቮልቱ ከመመለሻው መስመር ጋር ይገናኝና ሾርት ይፈጠራል። መከላከያ የተሠራለት ማዘርቦርድ ኃይሉን ያቋርጣል፤ አንዳንዱም በዩኤስቢ በኩል ከመጠን ያለፈ ኃይል እንደ ተሳበ በስክሪኑ ላይ ጽፎ በ15 ሰኮንድ ውስጥ ራሱን ያጠፋል። ማራገቢያው ጥቂት ዞሮ መቆሙም ከዚህ ሊመጣ ይችላል።

ከዚህ የተለየና ብዙ ጊዜ የማይጠረጠር ሌላ የኤሌክትሪክ መንገድ ደግሞ አለ። ቀዳዳን ለማብዛት የሚሰካው ሃብ የራሱ አዳፕተር ያለው ሲሆንና አሠራሩም ርካሽ ሲሆን፣ ኃይልን ወደ ዕቃዎቹ ብቻ መላክ ሲገባው ወደ ኮምፒውተሩም መልሶ ይገፋል፤ ማዘርቦርዱም በጠፋበት ሰዓት ከማይጠበቅ በር ጥቂት ኃይል ስለሚያገኝ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ በሥርዓት መነሣት ያቅተዋል። እንዲህ ያለ ማሽን ሃቡ ሲነቀል ወዲያው ይነሣል፣ ሲሰካ ደግሞ ይቆማል።

አራተኛው መሰናክል ባዮስ ሥራውን ፈጽሞ ዊንዶውስ ከተረከበ በኋላ የሚመጣ ነው። ዊንዶውስ በዩኤስቢ የተሰኩትን በራሱ ቋንቋ እንደገና ይጠራቸዋል፣ ለእያንዳንዱም ድራይቨር የተባለውን አገልጋይ ፕሮግራም ይመድባል፤ ድራይቨሩ የተበላሸ ወይም ከአዲሱ ዊንዶውስ ጋር የማይስማማ ሲሆን ነጠብጣቦቹ ይሽከረከራሉ እንጂ ገጹ አይከፈትም። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ፋስት ስታርትአፕ የተባለው አሠራር በመምጣቱ፣ ማሽኑ ሲዘጋ የዊንዶውስ ዋናው ክፍል ከነድራይቨሮቹ ሁኔታ በዲስክ ላይ ተጽፎ ያድርና ጧት ከዚያው ይቀጥላል፤ ስለዚህ ሪስታርት ማድረግ አጥፍቶ ከማብራት ይልቅ የተሟላ አዲስ ጅማሬ ነው፣ ይህም ከሚመስለው ጋር ተቃራኒ በመሆኑ ብዙዎችን ያሳስታል። የተሰካ ዕቃ ዊንዶውስን ሊያውክ እንደሚችል ማይክሮሶፍት ራሱ በ2019 በተግባር አሳይቷል፤ በዚያ ዓመት የወጣውን የዊንዶውስ 10 እድሳት፣ የዲስኮች ስያሜ እንዳይዛባ በመስጋት፣ የውጭ ዩኤስቢ ወይም የሚሞሪ ካርድ ለተሰካባቸው ኮምፒውተሮች ለጊዜው ከልክሎ ነበርና።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ምልክቱን ከለየ በኋላ መርማሪው ማሽኑን ያጠፋል፣ ዴስክቶፕ ከሆነም የኃይሉን ገመድ ከግድግዳው ወይም ከዲቫይደሩ ይነቅላል። ቀጥሎም በዩኤስቢ የተሰካውን ሁሉ፣ ሃቡንና የገመድ አልባውን ማውስ መቀበያ፣ ኪቦርዱንም ጭምር፣ ያለ ልዩነት ይነቅላል፤ ኪቦርድ ምን ያደርጋል ብሎ መተው የብዙ ሰው ስሕተት ነው፣ ውሃ ወይም ቡና የፈሰሰበት ኪቦርድ ቁልፍ እንደ ተጫነ ሆኖ ማሽኑን ሊያቆመው ይችላልና። ሁሉም ከተነቀለ በኋላ የማስነሻውን ቁልፍ ለጥቂት ሰኮንድ ተጭኖ በመያዝ በማዘርቦርዱ ላይ የቀረው ኃይል እንዲያልቅ ማድረግ፣ ከዚያም ገመዱን መልሶ ማብራት ይገባል። አንዳንድ አሮጌ ማሽን በዚህ ጊዜ ኪቦርድ እንደሌለ አስታውቆ፣ ለመቀጠል ከዚያው ከሌለው ኪቦርድ ላይ ኤፍ 1ን ተጫኑ ይላል፤ ይህ ሲሆን ኪቦርዱን ብቻ መልሶ መሰካት፣ ቢቻልም ከሌላ ኮምፒውተር ጤነኛ ኪቦርድ መዋስ ነው።

ማሽኑ ባዶውን ከተነሣ፣ ጥፋቱ ከተነቀሉት በአንዱ ወይም በተሰካበት ቀዳዳ ላይ እንደ ሆነ ታውቋል፤ ሃርድ ዲስኩና ዊንዶውሱ ነጻ ናቸው። ባዶውንም ካልተነሣ ዩኤስቢ ብዙውን ጊዜ ነጻ ነው፣ ምርመራውም ወደ ሚሞሪው፣ ወደ ፓወር ሰፕላዩና ወደ ሃርድ ዲስኩ ይዞራል። በላፕቶፕ ላይ ግን አንድ ማስታወሻ አለ፤ በብዙዎቹ ላፕቶፖች ውስጥ ካሜራው፣ ብሉቱዙና የጣት አሻራ ማንበቢያው ከውስጥ በዩኤስቢ መስመር የተያያዙ ስለ ሆኑ፣ ከውጭ ምንም ሳይሰካ የዩኤስቢ ሕመም ሊኖር ይችላል፤ ይህን ለባለሙያ መተው ይሻላል።

ጥፋተኛውን ለይቶ ለማውጣት ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየመለሱ ማሽኑን ማስነሣት ይቻላል፤ ዕቃው ሲበዛ ግን እኩሌታውን መልሶ እኩሌታውን ማስቀረት ጊዜ ይቈጥባል። ለምሳሌ ስምንት ዕቃ የተሰካበትን የአንድ ጽሕፈት ቤት ዴስክቶፕ እንውሰድ። አራቱ ተመልሰው ማሽኑ ከተነሣ ጥፋቱ በቀሩት አራት ላይ ነው፤ ከእነርሱም ሁለቱ፣ ከዚያም አንዱ እየተሞከረ በሦስት ሙከራ ጥፋተኛው ይገኛል። በእያንዳንዱ ሙከራ መካከል ማሽኑ ፈጽሞ መጥፋት፣ የተደረገውም በወረቀት ላይ መጻፍ አለበት፤ ያለዚያ የትኛው ዕቃ በየትኛው ሙከራ እንደ ነበረ እየተምታታ ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመራል።

አንዳንድ ጊዜ ግን እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ሲሰካ ማሽኑ ይነሣል፣ ሁሉም ባንድነት ሲሰኩ ግን ይቆማል። ይህ የማንም ብቸኛ ጥፋት ሳይሆን የድምሩ ጥፋት ነው፤ የራሱ ኃይል የሌለው ሃብ ከአንድ ቀዳዳ ያገኘውን 500 ሚሊ አምፔር ለተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክም ለስካነርም ለስልክም ሲያካፍል ለማንም ሳይበቃ ይቀራል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ዕቃው ጤነኛ ሆኖ ቀዳዳው የታመመ ይሆናል፤ በዴስክቶፕ ፊት ለፊት ያሉት ቀዳዳዎች በውስጥ ገመድ የተቀጠሉ ስለ ሆኑ፣ ያንኑ ዕቃ ከኋላ በማዘርቦርዱ ላይ በተተከለው ቀዳዳ መሞከር ነገሩን ይለያል። የተጠረጠረውንም ዕቃ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከመሞከር አስቀድሞ ጫፉን በብርሃን መመርመር ግድ ነው፤ የተጣመመ፣ የተቃጠለ ወይም የሚሸት ከሆነ ሁለተኛውንም ማሽን ያበላሻልና።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ

ጥፋቱ የተራ መዛባት ከሆነ መድኃኒቱ ወደ ባዮስ ገብቶ ሃርድ ዲስኩን፣ በአዲሶቹም ማሽኖች ላይ ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር የተባለውን፣ በዝርዝሩ ራስ ላይ መመለስ ነው። የመግቢያው ቁልፍ እንደ ሠሪው ይለያያል፤ በዴል ኤፍ 2፣ በኤችፒ ኤፍ 10፣ በሌኖቮ ቲንክፓድ ኤፍ 1 ሲሆን፣ በብዙ ዴስክቶፖች ዲሊት ነው። ዝርዝሩን ሳይነኩ ለአንድ ጊዜ ብቻ ማስነሻውን ለመምረጥ ደግሞ በዴልና በቲንክፓድ ኤፍ 12፣ በኤችፒ ኤፍ 9 ያገለግላል። ማሽኑ ፈጥኖ ስለሚያልፍ ቁልፉን መቀበል እንቢ ካለ፣ ዊንዶውስ ከተነሣ በኋላ ሺፍትን ይዞ ሪስታርት በማለት ከሚከፈተው ገጽ ወደ ባዮስ መግባት ይቻላል። ነገር ግን ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቈለፊያ የተቈለፈ ከሆነ፣ በባዮስ ውስጥ የተደረገ ለውጥ 48 አኃዝ ያለውን የማስመለሻ ቁልፍ ሊያስጠይቅ ስለሚችል፣ እርሱን አስቀድሞ ሳያገኙ ምንም መንካት አይገባም።

በዚያው በባዮስ ውስጥ ሌጋሲ ዩኤስቢ ሰፖርት የተባለ መስመር ይገኛል። የዚህ ሥራ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከመነሣቱ በፊት የዩኤስቢ ኪቦርድ እንዲታወቅ ማድረግ ነውና፣ የሚያስቸግረውን ዕቃ አሰናክላለሁ ብሎ የዘጋው ሰው ኪቦርዱም አብሮ ሊዘጋበት ይችላል፤ የዘጋውን ለመክፈት ደግሞ ያው ኪቦርድ ያስፈልገዋል። ከዚህ ይልቅ፣ አሮጌው ባዮስ አዲሱን ዕቃ ባለመረዳቱ የመጣ መሰናክል ሲሆን፣ የማዘርቦርዱ ወይም የላፕቶፑ ሠሪ ያወጣውን አዲስ የባዮስ እድሳት መጫን ብዙ ጊዜ ይፈውሰዋል። ይሁን እንጂ እድሳቱ እየተጻፈ ሳለ መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ማሽኑ ፈጽሞ የማይነሣ ሊሆን ይችላል፤ መብራት ሳይታሰብ በሚሄድበት አገር ይህን ሥራ ላፕቶፕን ከነሙሉ ባትሪው ቻርጀር ላይ አድርጎ፣ ዴስክቶፕንም ከዩፒኤስ ጋር አያይዞ ካልሆነ መጀመር አይገባም።

የዝምታው ምክንያት ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ከሆነ፣ ማሽኑ ከተነሣ በኋላ ሰክቶ በውስጡ ያለውን ጽሑፍ ሳይውል ሳያድር መገልበጥ ያሻል፤ ሲነሣ የዘገየ ዲስክ ነገ ጭራሹን ሊዘጋ ይችላልና። የኃይል ማነስ ከሆነ የራሱ አዳፕተር ያለው ደኅና ሃብ መግዛት፣ ሃቡ ራሱ ኃይል መልሶ የሚገፋ ከሆነም መለወጥ ነው። ምላሱ የተሰበረ ቀዳዳ በባለሙያ እስኪለወጥ ድረስ እንዳይነካ በፕላስተር ይሸፈን። ድራይቨር ያስቸገረ ከሆነ ዕቃው ተነቅሎ ዊንዶውሱ ይነሣና፣ አሮጌው ድራይቨር ወጥቶ ከዕቃው ሠሪ የተገኘው አዲሱ ይጫናል።

ወደ ጥገና ቤት መሄድ ግድ በሆነም ጊዜ፣ ባለቤቱ ለባለሙያው የሚነግረው ሦስት ነገር ብዙ ድካምና ብዙ ገንዘብ ያድናል፤ ማሽኑ የቆመበትን ስፍራና በስክሪኑ ላይ የወጣውን ቃል፣ ቢቻል በስልክ ካሜራ አንሥቶ፤ ዩኤስቢው ሁሉ ተነቅሎ ሲሞከር የሆነውን፤ በመጨረሻም በዲስኩ ላይ ያለው ጽሑፍ ሌላ ግልባጭ እንዳለውና እንደሌለው። ዩኤስቢው ተነቅሎ መሞከሩን ሳይጠይቅ ፎርማት ይደረግ የሚል ባለሙያ ቢገጥም ማሽኑን ይዞ መመለስ ከነውር አይቈጠርም፤ ዊንዶውስ በማናቸውም ቀን እንደገና ሊጫን ይችላል፣ ግልባጭ ሳይኖረው የተደመሰሰ የሒሳብ መዝገብ ግን ብዙ ጊዜ በምንም ዋጋ አይመለስም።